መጀመሪያ ባለቤቱን አስወሩት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሴ ያገለገለ መኪና መግዛት ነው። ከመኪና ነጋዴ ስለመግዛት አይደለም የማወራው። ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ ካወጣ፣ መኪናውን ራሱ ሲነዳው ከኖረ ሰው ስለመግዛት ነው።

ብዙ ሰው ከባለቤቱ በቀጥታ መግዛትን የሚወደው ዋጋው ስለሚቀንስ ነው። እኔ ግን ትልቁ ጥቅም ባለቤቱ ራሱ ነው እላለሁ። ያ ሰው ከመኪናው ጋር ዓመታት ኖሯል። ጠዋት ሲነሳ ምን ድምፅ እንደሚያሰማ ያውቃል። ዳገት ላይ ሲደክም አይቶታል። የትኛው በር ጠበቅ ካልተደረገ እንደማይገጥም እጁ ለምዶታል። ነጋዴ ጋ ይህን አታገኙም፤ ነጋዴው ራሱ መኪናውን ካወቀው ገና ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው።

የሚያሳዝነኝ ገዢዎች ይህን ሀብት ገና በስልክ ማበላሸታቸው ነው። ይደውሉና "መጨረሻው ስንት ነው?" ይላሉ። መኪናውን አላዩትም እኮ! ከዚያ በአካል ሄደው ማጣጣል ይጀምራሉ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጎማው አልቋል፣ ይሄ ሞዴል ዘይት ይበላል ሲባል ሰምቻለሁ ይላሉ። ዋጋ ለማስወረድ እንደሆነ ይገባኛል። ግን እስቲ በሻጩ ቦታ ሆናችሁ እዩት። እያንዳንዱ ጉድለት ብር እንደሚያስቀንስበት ካየ አፉን ይይዛል። እናንተ ያላያችሁትን ለምን ብሎ ይነግራችኋል?

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ያገለገለ መኪና ገበያ ምሳሌ አድርጎ ተጠቅሞበታል። ሻጭ የመኪናውን ጤና ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢው መለየት ስለማይችል ለደህናውም ለብልሹውም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ ከምሸጠው ይቅርብኝ ብሎ ይተወዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ገበያው ውስጥ ብልሹው ይበዛል። አከርሎፍ በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው ለዚህ ዓይነት ሥራው ነው። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ ገዢን የሚጎዳው አለማወቁ ነው የሚለውን ነው። ደግሞ የሚያውቀው ሰው ፊት ለፊታችሁ ቆሟል።

ታዲያ ምን ልጠይቀው? "ለምን ትሸጠዋለህ?" ሁሉም ሰው ይጠይቃል፤ መልሱ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ። እኔ የምወደው ጥያቄ ሌላ ነው። "ነገ ረጅም መንገድ ልትሄድበት ቢሆን መጀመሪያ ምኑን ታስፈትሻለህ?" ይህን ጥያቄ የሚጠብቅ የለም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት መኪናቸውን ሲሸጡ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና "የራዲያተሩን ውሃ" አሉኝ። ለምን ስላቸው፣ ሙቀት በበረታበት ቀን ዳገት ሲወጡ የሙቀት መለኪያው ከፍ እንደሚል፣ መካኒካቸውም የውሃ ፓምፑ መቀየር አለበት እንዳላቸው ነገሩኝ። ማስታወቂያው ላይ ይህ አልነበረም። ሴትዮዋ ውሸታም አይደሉም። ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። መካኒክ አሳየሁት፣ የፓምፑን ዋጋ ቀነሱልኝ፣ ገዛሁት።

የሰማችሁትን ግን ከመኪናው ጋር አመሳክሩት። ለምሳሌ "ጎማውን ባለፈው ዓመት ነው የቀየርኩት" ካለ የጎማውን ጎን እዩ። DOT ብሎ በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። ወይ ሰውየው ተሳስቷል፣ ወይ ሲገዛው አሮጌ ጎማ ተሸጦለታል፤ በእርጋታ ጠይቁት። ኪሎሜትሩ ትንሽ ሆኖ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ካለቀ፣ መሪው ከእጅ ብዛት ካብረቀረቀ፣ ያ ቁጥር አልጥም ይለኛል።

ሞተሩን በተመለከተ ቀድሜ ደውዬ የምለምነው አንድ ነገር አለ። እኔ እስክመጣ ባይነሳ። ስደርስ ኮፈኑን በእጄ እነካዋለሁ። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ድምፁም ጭሱም በደንብ የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ነጭ ጭስ በቀዝቃዛ ጠዋት ወጥቶ ከጠፋ ተራ እንፋሎት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ወፍራም ሆኖ ከቀጠለና ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው ግን የማቀዝቀዣው ውሃ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህ ከባድ ወጪ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ስለሌለም አትዘናጉ። የተመዘገበውን ስህተት ከመኪናው ኮምፒውተር ማጥፋት ቀላል ነው። መካኒክ መመርመሪያውን ሲሰካው ግን መኪናው የራሱን ፍተሻ ገና እንዳልጨረሰ ያሳያል። ያኔ በቅርቡ የተነካካ ነገር ሊኖር እንደሚችል ታውቃላችሁ። ባትሪ ነቅሎ መመለስም ይህንኑ ስለሚያመጣ፣ ወዲያው ሰውየውን ሌባ አትበሉት። ጠይቁት።

ፎቶዎቹን ብዙም አላምንም። በተለይ መኪናው ውሃ ላዩ ላይ እያለ ከተነሳ ጭረትና የቀለም ልዩነት አይታይም።

ማውራት የማያስፈልጋቸው ሻጮችም አሉ። ውጭ አገር ነኝ፣ መኪናው መጋዘን ነው፣ ቀብድ ላኩልኝ የሚሉ። እነሱ ጋ አንድ ደቂቃ አላጠፋም። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር ካልገጠመና ሕጋዊ ውክልና ከሌለውም እንዲሁ። የሻንሲ ቁጥሩን ደግሞ ሰነዱ ላይም መኪናው ላይም አንብቡት። በዘመኑ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር ስለሚምታቱ ነው።

ዋጋ የማነሳው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መካኒኩ ያገኘውን ለሻጩ እንደወረደ እነግረዋለሁ፣ ጥገናው ስንት እንደሚፈጅም አሳየዋለሁ። መኪናውን ሳላዋርድ። አብዛኛው ሰው እንዲህ ሲሆን ይሰማል። ከተስማማን ስሙ ወደ እኔ ሲዞር ክፍያው ይፈጸማል። ከመለያየታችን በፊት ትርፍ ቁልፉን፣ የሰርቪስ ደረሰኞቹን፣ ከተቻለ ደግሞ መኪናውን ሲሠራለት የነበረውን መካኒክ ስልክ እጠይቀዋለሁ። ያ መካኒክ እኮ መኪናውን ከባለቤቱም በላይ ሊያውቀው ይችላል።