«አንቲል» እና የእኛ «እስከ»

«ሪፖርቱን እስከ ዓርብ አስረክቡ» ሲባል፣ ዓርብ የመጨረሻው ቀን መሆኑንና ረቡዕም ሆነ ሐሙስ ማስረከብ እንደሚቻል ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ይረዳል። ይህንኑ ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ግን ብዙዎቻችን ለ«እስከ» ወዲያው የምናመጣው ቃል «አንቲል» ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

«አንቲል» የሚያመለክተው አንድ ድርጊት ወይም ሁኔታ ሳይቋረጥ ቆይቶ በተጠቀሰው ጊዜ የሚያበቃ መሆኑን ነው። «አይ ዊል ስቴይ አንቲል ፍራይዴይ» ያለ ሰው ቆይታው በየዕለቱ እየቀጠለ ዓርብ ላይ ያበቃል። ማስረከብ ግን አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቅ ሥራ እንጂ ቀናትን የሚዘልቅ ስላልሆነ፣ የጊዜ ገደቡን ለመናገር እንግሊዝኛ «ባይ» የሚል ሌላ ቃል ይጠቀማል፦ «ባይ ፍራይዴይ»። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት ግሱን መመርመር ይገባናል፤ መጠበቅ፣ መቆየትና መተኛት «አንቲል»ን ሲቀበሉ፣ ማስረከብ፣ መድረስና መክፈል «ባይ»ን ይፈልጋሉ።

ስለ ቃሉ አመጣጥ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። «አንቲል» የተገነባው ከጥንታዊ ኖርስ፣ ማለትም ከጥንት ስካንዲኔቪያውያን ቋንቋ፣ ከመጡ ሁለት ክፍሎች ሲሆን፣ ሁለቱም ወደ አንድ ወሰን መድረስን ስለሚያመለክቱ ቃሉ ሐሳቡን ደግሞ ይናገራል ማለት ይቻላል፤ እኛም «እስከ ማታ ድረስ» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው። «ቲል» የሚለው አጭር ቃልም ብዙዎች እንደሚያስቡት የ«አንቲል» ምሕጻር ሳይሆን በዕድሜ የሚቀድመው ነው፤ ሲጻፍም ሁለት «ኤል» ይይዛል፣ «አንቲል» ግን አንድ ብቻ።

«እስከ» ለቦታም ያገለግላል፤ «እስከ ድልድዩ ሄድን» እንላለን። «አንቲል» ግን የጊዜ ቃል ስለሆነ ለርቀት አይሆንም፤ በዚያ ቦታ «አዝ ፋር አዝ» ይባላል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ከአሉታ ጋር ሲመጣ ነው። «ሂ ዲድንት ኮል አንቲል መንደይ» የሚለውን «እስከ ሰኞ አልደወለም» ብለን ብንተረጉመው፣ አማርኛው ሰውዬው በኋላ ይደውል አይደውል ሳይነግረን ይቀራል፤ አድማጩም «ከዚያስ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እንግሊዝኛው በተለመደው አነጋገር የሚያስረዳው ግን ሰውዬው ሰኞ እንደ ደወለ፣ ከዚያ በፊት ግን እንዳልደወለ ነው፤ ትክክለኛ ትርጉሙም «የደወለው ገና ሰኞ ነው» ወይም «ሳይደውል ቆይቶ ሰኞ ደወለ» ይሆናል። በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ «ዊ ዶንት ኦፕን አንቲል መንደይ» የሚል ማስታወቂያ ብታነቡም፣ የተነገራችሁ ቤቱ ሰኞ እንደሚከፈት ነው።