በጋ ላይ የደረቀ መሬት የክረምቱን ውሃ እንዴት ያሳያል?

[ምስል፦ ከሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሆኖ የሚታይ የኮምቦልቻ ሜዳ። ጥር ወር፤ ሣሩ ደርቋል።]

ሰላም ጤና ይስጥልን። ከደሴ ተነስተን ሐረጎን ወርደናል። ከፊታችን የተዘረጋው የኮምቦልቻ ሜዳ ነው። ጥር ስለሆነ መሬቱ ክው ብሎ ደርቋል፤ አንዳንዱ ቦታ ተሰነጣጥቋል። ደላላ እዚህ አቁሞ «ለቤት መሥሪያ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?» ቢላችሁ ለማመን አይከብድም።

ችግሩ የሚመጣው ነሐሴ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ አንዱ ቦታ ውሃውን ቶሎ ያሰርጋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ደግሞ ለሳምንታት ይቋጥራል። በጥር ላይ ላዩን ካያችኋቸው ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። አንድ ሜትር ያህል ብትቆፍሩ ግን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ምስጢሩ ያለው ብረት ላይ ነው።

[ምስል፦ የጦሳ ተራራ፤ ከዚያ በመንገድ ዳር የተቆረጠ ቀይ አፈር።]

የወሎ ተራሮች አብዛኞቹ ባዛልት ናቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የወጣ፣ ቀዝቅዞ የረጋ ድንጋይ ነው። ባዛልት ብዙ ብረት አለው። ድንጋዩ ፈርሶ አፈር ሲሆን ያ ብረት አየር ያገኘዋል፤ ይዝጋል። በየተዳፋቱ የምናየው ቀይና ቡናማ ቀለም ይህ ዝገት ነው።

አሁን በዚያው አፈር ላይ ውሃ አስተኙበት። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች በሙሉ በውሃ ይሞላሉ። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ከላይ አዲስ አየር አይደርስም። እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን የሞተ ሥርና ቅጠል መብላታቸውን አያቆሙም። የነበረችውን ኦክስጅን በጥቂት ቀናት ይጨርሷታል። ከዚያ በኦክስጅን ፈንታ የሚተነፍሱበት ምትክ ይፈልጋሉ።

ምትኩ ተራ አለው። መጀመሪያ ናይትሬት ነው፤ ሰብል የሚመገበው የናይትሮጅን ዓይነት። ነሐሴ ላይ ውሃ የተኛበት ሰብል ቢጫ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። ቀጥሎ ማንጋኒዝ። ቀጥሎ ብረት። ውሃው ከዚያም ካልለቀቀ ድኝ ወዳለበት ሰልፌት ይሄዳሉ፤ ያኔ አፈሩ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። መጨረሻ ላይ ሚቴን ይወጣል።

ለኛ ዋናው ብረቱ ነው። የዛገ ብረት በውሃ አይሟሟም፤ ባለበት ይቀመጣል። ባክቴሪያዎቹ ሲነኩት ግን ይሟሟና ከውሃው ጋር ይጓዛል። ብረቱ ለቆት የሄደው አፈር ቀለሙ እንደለቀቀ ጨርቅ ይሆናል፤ ግራጫ፣ አመድማ። የሟሟው ብረት ደግሞ ሲጓዝ የሆነ ቦታ አየር ያገኛል። ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ሥር ያለፈበት ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። እዚያው እንደገና ይዝጋል። ቀጠማና ሌሎች የረግረግ ተክሎች በግንዳቸው አየር ወደ ሥራቸው ያወርዳሉ። ስለዚህ ሥራቸውን ዙሪያውን የዝገት እጅጌ አጥልቆ ታገኙታላችሁ። እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የምወደው ይህን ነው። ተክሉ ሞቶ ሥሩ ከበሰበሰ በኋላም እጅጌው ይቀራል።

[ምስል፦ የጉድጓድ ግድግዳ፣ ከላይ እስከ ታች፤ ጎኑ ላይ ሜትር ቆሟል።]

እንግዲህ ጉድጓዱን እንዲህ አንብቡት። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ ውሃ አይቆይበትም። ግራጫና የዝገት ነጠብጣብ ተቀላቅሎ ዥንጉርጉር ከሆነ ውሃው ይመጣል፣ ይሄዳል። ነጠብጣቡ የሚጀምርበትን ጥልቀት ለኩ፤ በግምት የክረምቱ ውሃ ከፍ ብሎ የሚደርስበት ነው። ታች ወርዳችሁ ነጠብጣብ የሌለው ግራጫ፣ ወይም ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያደላ አፈር ካገኛችሁ እዚያ ውሃው ከዓመት ዓመት አይጠፋም ማለት ይቻላል። ጓል ወስዳችሁ ስበሩና ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ቆይቶ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ብረቱ አሁን አየር አግኝቶ እየዛገ ነው።

ዋልካ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዋልካ ጥቁር ስለሆነ ግራጫውንም ነጠብጣቡንም ይሸፍናል። ብዙ ሰው «ጥቁር ነው፣ ምንም ምልክት የለውም» ብሎ ይተወዋል። ምልክቱ አለ። በጣት ስታፍረከርኩት ትናንሽ፣ ጠንካራ፣ ጥቁር እንክብሎች ይወጣሉ፤ ብረትና ማንጋኒዝ ናቸው። መርጠብና መድረቅ ሲፈራረቅ ቀስ በቀስ ይሠራሉ። ነጭ እንክብል ካገኛችሁ ኖራ ነው፤ እርጥበቱ እየደረቀ ትቶት የሄደ። ሁለቱ አንድ ላይ ከተገኙ ያ መሬት በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በጋና ክረምት በሚፈራረቅበት በእኛ አገር ይህ ብዙ ቦታ ያጋጥማል።

ሌላው ጥያቄ፣ ምልክቱ የአሁን ነው ወይስ የድሮ? ቦይ ተቆፍሮ ወይም ወንዙ መሄጃውን አጥልቆ ውሃው የሸሸበት መሬት ግራጫነቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ የነጠብጣቡን ጠርዝ እዩ። ቀለሙ ቀስ እያለ ወደ ዙሪያው አፈር የሚደበዝዝ ከሆነ ሥራው አሁንም እየቀጠለ ሊሆን ይችላል። ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ያህል የተለየ፣ እንክብሉም ሙልጭ ብሎ የሚወጣ ከሆነ ያለፈ ዘመን ቅሪት ወይም ጎርፍ ከሌላ ቦታ ያመጣው ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? የመጸዳጃ ጉድጓድን አስቡት። የክረምቱ ውሃ ከፍ ብሎ ከመሬቱ ገጽ በታች 60 ሳንቲ ሜትር ላይ በሚደርስበት ቦታ 3 ሜትር የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ ጎረቤት ደግሞ የውሃ ጉድጓድ ካለው፣ በነሐሴ ሁለቱ ከመሬት በታች ሊገናኙ ይችላሉ። ሕፃናት የሚታመሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቤት መሠረትም እንደዚሁ፤ በተለይ ዋልካ ላይ፣ ሲረጥብ እያበጠ ሲደርቅ እየተኮማተረ ግድግዳ ይሰነጥቃል። አንድ ቀን መቆፈር ከዚህ ሁሉ ያድናል።

[ምስል፦ የቦርከና ዳር፤ የቆመ ውሃ ላይ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን።]

ስለ ቦርከና ወንዝ ሳላነሳ አላልፍም። ዳርዳሩ በቆመ ውሃ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቅባት ስታዩ ወዲያው የሚታሰበው የፋብሪካ ወይም የመኪና ዘይት ነው። በእንጨት ነካ አድርጉት። ተሰባብሮ ቁርጥራጭ ሆኖ ከቀረ ብረት የሚያዝግ ባክቴሪያ የሠራው ነው፤ ከሥር ያለው መሬት አየር እንዳጣ ይነግራችኋል። ተመልሶ ከተጋጠመ ግን ዘይት ነው፤ ያኔ ዝም ማለት አይገባም።

በወንዝና በቦረቦር ግድግዳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ፈልጉ። ከላይ ቡናማ ደለል፣ ከሥሩ ጥቁር ንጣፍ ካያችሁ ያ ጥቁሩ አንድ ዘመን የመሬቱ ገጽ ነበር። እርጥብ ሣር የበቀለበት ሜዳ ሊሆን ይችላል። ከተራራው ታጥቦ የወረደው አፈር ነው የቀበረው። ከደሴ ብዙ በማይርቀው ማይባር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የዚህ ዓይነቱ የአፈር መሸርሸር ሲለካ ቆይቷል።

ወደ ሰሜን፣ ሐይቅና አርዲቦ በሚባሉት ሁለት ሐይቆች ላይ፣ ታሪኩ በጣም ይረዝማል። የሐይቅ ጭቃ አየር ስለሌለው የአበባ ብናኝ ሳይበሰብስ ይቆያል። ተመራማሪዎች ከሁለቱ ሐይቆች ደለል አውጥተው 3,000 ዓመት ወደኋላ አንብበዋል። ከ2,500 ዓመት በፊት ገደማ የዝግባና የጥድ ደን ተመንጥሮ ክትክታና ሣር ተክቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደግሞ ጥድና ወይራ ተመልሰው ነበር። «ወሎ ድሮ ሁሉ ደን ነበር፣ እኛ ጨረስነው» የሚባለው ነገር እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ደኑ ሄዷል፣ ተመልሷልም።

ቦርከና ከኮምቦልቻ ወርዶ ከሚሴ አካባቢ ጨፋ በሚባለው ረግረግ ላይ ይንጣለላል። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ጨፋ እያነሰ ነው፤ ከፊሉ ውሃው እየተጠነፈፈ ታርሷል። አፈሩ አየር ሲያገኝ ለዘመናት የተከማቸውን ብስባሽ ባክቴሪያዎች በፍጥነት ይበሉታል፣ ካርቦኑም ወደ አየር ይወጣል። የሚያርሰው ገበሬም ልጆቹን ማብላት አለበት፤ ግን ቦዩ ከመከፈቱ በፊት የአፈሩ ምልክት ቢነበብ የትኛው ጥግ ለእርሻ፣ የትኛው ለግጦሽ እንደሚሆን መለየት ይቻላል።

[ምስል፦ ዶማ፣ አካፋ፣ የውሃ ጠርሙስ።]

ልትቆፍሩ ከሆነ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ በጠራ ብርሃን ቆፍሩ። የደረቀ አፈር ቀለሙ ስለሚያታልል ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከጥልቀቱ ጋር ፎቶ አንሱት። ስትጨርሱ ጉድጓዱን መልሳችሁ ድፈኑት፤ ከብት ይገባበታል።