ፎሊክ አሲድ ካረገዙ በኋላ ነው ወይስ በፊት?

በዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ስለ ፎሌት፣ ማለትም ስለ ቫይታሚን ቢ9፣ እንዲሁም በኪኒን መልክ ስለሚወሰደው ዓይነቱ ስለ ፎሊክ አሲድ መልስ ሰጥተዋል።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከአዳማ ነው። በቅርቡ ነው ያገባሁት። ፎሊክ አሲድ የሚጀመረው ካረገዙ በኋላ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ብዙዎች የሚዘገዩት እዚህ ጋ ነው። የልጁ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው በተጸነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። የወር አበባሽ ቀርቶ፣ ተመርምረሽ፣ ክትትል እስክትጀምሪ ነገሩ አልፏል። ቱቦው ከታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ስፓይና ቢፊዳ የምንለው የአከርካሪ ክፍተት ይፈጠራል። ከላይ ከሆነ የራስ ቅሉና አንጎሉ ሳይሟሉ ይቀራሉ፤ ያ ልጅ አይተርፍም። ስለዚህ ከማርገዝሽ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለሽ በቀን 400 ማይክሮግራም ጀምሪ። እስከ 12ኛው ሳምንት አታቋርጪ። እርግዝና ሳይታሰብም ይመጣልና፣ ማርገዝ የምትችል ሴት ሁሉ ብትወስደው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄ ስፓይና ቢፊዳ ነበረበት። ያው መጠን ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃሽም እህቴ። ላንቺ በቀን 4 ሚሊግራም ነው፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ የወጣ የብሪታኒያ ጥናት በዚህ መጠን የችግሩ መደጋገም በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። መልቲቫይታሚን እየደራረብሽ ግን መጠኑን ለመሙላት እንዳትሞክሪ፤ ቫይታሚን ኤው ሲበዛ ራሱ ፅንሱን ይጎዳል። ሐኪም ይዘዝልሽ። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴትም ቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ መድኃኒቱን በራሷ ግን አታቁም።

ጥያቄ፦ ምስርና ጎመን ከቤታችን አይጠፋም። ኪኒኑ ለምን?

መልስ፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ጉበት ጥሩ የፎሌት ምንጮች ናቸው። ግን ፎሌት በውሃ ይሟሟል፣ በሙቀትም ይጠፋል። ጎመኑን ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ ውሃውን ስንደፋ ብዙውን አብረን እንደፋዋለን። የተረፈውንም ሰውነት የኪኒኑን ያህል አይመጠውም። ለእርግዝና ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ 70 ዓመታቸው ነው፤ ጾም አይገድፉም። ደም አንሷቸዋል፣ እግራቸውንም ይደነዝዛቸዋል። ፎሊክ አሲድ ልግዛላቸው?

መልስ፦ ቆይ፣ አይግዙ። መጀመሪያ ሌላው ቫይታሚን፣ ቢ12፣ በምርመራ ይታይላቸው። የጾም ምግብ ፎሌት አለው፤ ቢ12 ግን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። በእድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ቢበላውም በደንብ ላይመጠው ይችላል። የሁለቱ እጥረት የሚያመጣው ደም ማነስ ይመሳሰላል። ቢ12 ጎድሎ ፎሊክ አሲድ ብቻ ከሰጧቸው ደማቸው ይስተካከልና የነርቩ ጉዳት ተደብቆ ይቀጥላል። መደንዘዙን አልወደድኩትም፤ በዚህ ሳምንት ይዘዋቸው ይሂዱ።