የጅቡ ጉትቻ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ነኝ። ስለ ታክሲ ሰልፉ አወራለሁ ብዬ ነበር፣ አይደል? ይቆይ። የአከራዬ የእትዬ ቤት ቡና ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ቶና ላይ ነን። የልጅ ልጃቸው «ተረት ካልነገርሽኝ» ብላ ያዘቻቸው። ቱሉ ዲምቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሲመሽ ጅብ ይጮኻል። «ተረት ተረት» አሉ፤ «የላም በረት» አልን። አንድ አዳኝ ጅብ ገድሎ ጠጋ ብሎ ሲያይ፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ! ለካ ጅብ አይደለም። የሰፈሩ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ቡዳ።

ይሄን ሲሉ ያቺ ከቀጨኔ የመጣችው ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ቡናው የፈላበት ጀበና ራሱ የሳቸው እጅ ሥራ ነው፤ እትዬ ወደውት የገዙት! ተረቱ ሳያልቅ ጆሮዋን ነካ አድርጋ «አንዱ ጉትቻዬ የት እንደጠፋ አሁን ገባኝ» አለች። በሳቅ ፈረስን። እትዬማ እንባቸው መጣ።

የከነከነኝ የሷ ሳቅ ነው። ከሁላችንም ቀደመች። እንዲህ ቶሎ የሚመጣ ቀልድ ያን ቀን የተፈጠረ አይመስለኝም። ወይስ እያካበድኩ ነው? ማካበድ እንደምወድ ታውቃላችሁ።

ተረቱ ደግሞ ዕድሜው! ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ ከ200 ዓመት በፊት እዚህ አገር ኖሮ፣ ይህንኑ የጉትቻ ወሬ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1831 ለንደን ታትሞ ፈረንጅም አነበበው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡስ ይከልከል፣ ተረትን ማን ይከለክላል?

እኛ ደግሞ ፈረንጅ በ1977ቱ ረሃብ ብቻ ነው የሚያውቀን ብለን እንናደዳለን። የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል ዓለምን ዞረ፣ ከዚያ ወዲያ እኛ ማለት ያ ሆንን። እና... አይ፣ አይገናኝም። ረሃቡ እውነት ነበር። ያ ምስል ባይታይ እርዳታውም እንደዚያ አይጎርፍም ነበር። ጉትቻው ግን...

ትንሿ ልጅ «የጅቡን ጆሮ ማን በሳው?» ብላ ጠይቃ ነበር። በረካ እየተቀዳ ስለነበር ማንም አልመለሰላትም።

ጎረቤቴን እዚህ ላቀርባት አስቤ ነበር። ግን ምን ብዬ? «ከፍቶሽ ነበር ወይ?» ልበላት? ሳቀች እኮ! ደሞ እሷ ባንክ ነው የምትሠራው፤ ስለ ሥራዋ ማውራት ብትፈልግስ? እትዬንማ ባናግር ኪራይ ይጨምሩብኛል። ክፉ ሆነው እኮ አይደለም፣ ስታመም አጥሚት ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው... እንጃ፣ እሷ ግን በዚያ ጀበና...