እንግዳ በጎንደር ማዕድ፦ ምግብ የዲፕሎማሲ ሥራ ሲሠራ

[ምስል፦ ፋሲል ግቢ፤ ቀጥሎ የተከደነ መሶብ]

ታይላንድ በ2002 እ.ኤ.አ. የታይ ምግብ ቤቶች በዓለም ዙሪያ እንዲበዙ መንግሥታዊ ፕሮግራም ዘረጋች፤ ምግቡን የቀመሰ ሰው አገሩንም እንዲወድ። ጎንደር ግን በጥምቀት እንግዳው ራሱ ደጇ ይመጣል። የቀረው የጓዳው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ጥር 10 ገሃድ ነው፤ ይጾማል። አስተናጋጁ የማይቀምሰውን ፍስክ ለእንግዳ ብቻ ማቅረብ አብሮ መብላትን ያስቀራል፤ አብሮ መብላት ከቀረ ደግሞ ዲፕሎማሲው የለም። በዕለቱ በያይነቱ ይቅረብ፣ ዶሮው ለጥር 11 ይቆይ። ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል። ሙስሊም እንግዳ ካለ ሁለት ድስት ይጣድ፤ የእሱ ዶሮ በሙስሊም እጅ ይታረድ። ኮሸር (የአይሁድን የምግብ ሕግ) ለሚጠብቅ እንግዳ ቅቤና ሥጋ አይገናኙም፤ ስለ ዕቃውም አስቀድማችሁ ጠይቁት።

[ምስል፦ ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ከቅርብ]

አሁን ወደ ዶሮ ወጡ። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት፣ በዝግተኛ እሳት፣ ውሃው መጥጦ ቡናማ እስኪሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ይቁላላል። በርበሬው ከገባ በኋላም ውሃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል ነው፤ ቅቤውና ዶሮው ከዚያ ይከተላሉ። እዚህ ላይ የተቸኮለ ወጥ ያስታውቃል፦ ውሃውና ቅባቱ ይለያያል፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። እንግዳው እንዳይቃጠል ተብሎ ወጡን በውሃ ማቅጠን ከሁሉ የከፋ ነው። በርበሬውን በግማሽ ቀንሱ፣ ቁሌቱን ግን አትንኩ፤ አይብም አጠገቡ ይቀመጥ።

[ምስል፦ እንጀራ ከምጣድ ሲወጣ]

ጤፍ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም፤ ብዙዎች ይህን ለእንግዳ በኩራት ይናገራሉ። ሊጡ ውስጥ ስንዴ ወይም ገብስ ከተቀላቀለ ግን ቃሉ ሐሰት ይሆናል፤ ግሉተን የሚያሳምመውን ሰውም ይጎዳል። ሳትጠይቁ አትናገሩ፤ እርሾው የተቀላቀለ ሊጥ ቅሪት እንዳልሆነም አጣሩ።

ጉርሻ ከመስጠታችሁ በፊት ምን ማለት እንደሆነ አስረዱ፣ ፈቃዱንም ጠይቁ።

ንግግር ካለ እንጀራው ሳይዘረጋ ይለቅ፤ አለዚያ እንጀራው ይደርቃል፣ ወጡም ይበርዳል። ለቡናው መርሐ ግብሩ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያዙለት። በወረቀት ያልተጻፈው ጨዋታ የሚመጣው ቶና ላይ ነው፤ ፕሮቶኮሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንግዳውን ከአቦል ያስነሣዋል።