ጭፈራው ሳይቆረጥ ይታይ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ በዚህ የምንኖር የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሽማግሌዎች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ለቅርስ ቀን አደረሳችሁ!

ሴፕቴምበር 24 በዚህ በክዋዙሉ ናታል ቀድሞ የዙሉው ንጉሥ የሻካ መታሰቢያ እንደነበረና እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ የመላው ደቡብ አፍሪካ በዓል እንደሆነ ከእኛ ይልቅ ልጆቻችን አጥርተው ያውቃሉ፤ ከዙሉ ጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ሰልፍ ቆመው የሚያከብሩት እነርሱ ናቸውና። የተጋበዝኩት ስለ ትምህርት በጠቅላላው እንድናገር ቢሆንም፣ ልጆቹ ለጎብኚዎች ስለሚያቀርቡት ዘፈንና ጭፈራ ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ባለፈው ዓመት አንድ አስጎብኚ ድርጅት እንግዶች ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣ ዕለት ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ወንዶቹ የጥጃ ቆዳ አገልድመው፣ ከጉልበታቸው በታች ነጭ የላም ጭራ አስረው፣ ሴቶቹ በዶቃ አጊጠው፣ ዘግይቶ የደረሰውን አውቶቡስ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁት። ኢንድላሙ የሚባለው የዙሉ ጭፈራ እንዴት እንደሚሞቅ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ጭብጨባው ከከበሮው ጋር ይገጥማል፣ ከዚያም ልጆቹ ተራ በተራ ከሰልፉ እየወጡ እግራቸውን ወደ ላይ ወርውረው መሬቱን ይረግጡታል። የጭፈራው ልብ ይህ ተራ ነው። ሦስተኛው ልጅ እንደወጣ አስጎብኚው ሰዓቱን እያሳየ "በቃ!" አለና ከበሮው ቆመ። ከሰልፉ ጫፍ የነበረችው የጎረቤታችን ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ ያነሣችውን እግሯን ሳትረግጥ ቀስ አድርጋ መለሰችው። እንግዶቹን አልወቅስም፤ አንዲት አሮጊት ጎብኚ ልጆቹ እንዲቀጥሉ በእጃቸው ሲለምኑ አይቻለሁ።

እኛ ሠርግ ላይ እስክስታ የወረደን ሰው ትከሻውን ይዞ የሚያስቆም አለን? ከገጠር ለሥራ የመጡ የዙሉ ወንዶች በደርባንና በጆሃንስበርግ የሠራተኛ መኖሪያዎች፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፉ ሰንብተው ቅዳሜ ሌሊቱን ያለ መሣሪያ በኅብረት በሚዘፈነው በኢሲካታሚያ ውድድር ያነጉ ነበር፤ ያንን ዜማ ከዚሁ ክፍለ ሀገር ከሌዲስሚዝ ከተማ ተነሥተው ዘፋኙ ጆሴፍ ሻባላላና ጓዶቹ ለዓለም አሰሙት። የደከመው ሠራተኛ እስከ ንጋት የዘፈነውን፣ አውቶቡስ ቸኮለ ተብሎ የእርሱ የልጅ ልጆች በደቂቃ ቆርጠው እንዲያቀርቡ የሚያዝዝ ማን ነው? ማንስ ፈቀደለት?

"ልጄን የላክሁት ለትምህርት እንጂ ለጭፈራ አይደለም" የምትሉ ወላጆችም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚሁ ክፍለ ሀገር በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት ተነሥቶ ሱቆቻችን ሲዘረፉ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጁ የጎረቤቱን ዘፈን እየተቀበለ፣ የጎረቤቱ እናት ለእርሱም እልል እያሉለት እንዲያድግ አንፈልግምን? ይህ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት የምንለው ምንድን ነው?

የክፍያው ነገርም አለ። የዙሉው ዘፋኝ ሰለሞን ሊንዳ እ.ኤ.አ. በ1939 ያስቀዳው «ምቡቤ» የተባለ ዜማ ለሌሎች ብዙ ገንዘብ ሲያስገባ፣ እርሱ መብቱን በ10 ሽልንግ ሸጦ በ1962 በድህነት ሞተ። ስለዚህ ጎብኚዎች የሚከፍሉት ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ በደረሰኝ ይግባ፤ ከእርሱም ለልጆቹ ልብስና ለከበሮው ቆዳ ይዋል።

ለወላጆች ኮሚቴ የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ጭፈራው የሚወስደው ጊዜ አስቀድሞ በጽሑፍ ለአስጎብኚዎች ይሰጥ፤ በዚያ ያልተስማማ አውቶቡስ ከግቢው በር ይመለስ። የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ።