ከጠብ በፊት ያለው ስሜት

የተከበራችሁ የጅማ ወላጆች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

የጥርስ ሐኪም ነኝ። እናንተ «የማደንዘዣ መርፌ» የምትሉት፣ እኔ በየቀኑ የምይዘው መድኃኒት ሊዶኬይን ይባላል። ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ሠራው፤ የሥራ ባልደረባው ቤንግት ሉንድክቪስት ደግሞ በገዛ ሰውነቱ ላይ ሞከረው። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው ሶዲየም በጥቃቅን በሮቹ ሲገባ ነው። መድኃኒቱ እነዚህን በሮች ይዘጋል። ታካሚው ነቅቶ ያየኛል፤ ከንፈሩ ግን የእርሱ አይመስለውም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጠብ ነው። ትንሽ አይጥ ሲያገኙ ነክሰው የሚገድሉ አይጠ መጎጦች አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ቶር እና ጊዜሊ የተባሉ ተመራማሪዎች የእነዚህን አይጠ መጎጦች ጢም የበቀለበትን ቆዳ አደነዘዙ። አንጎላቸውን አልነኩም። ግድያው ግን ተገታ!

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ ስለ ተቆጣ ሰው ስንናገር «ደሙ ፈላ» እንላለን፤ ቁጣን ከውስጥ የሚነሣ እሳት አድርገን እናየዋለን። በእነዚያ አይጦች ግን ጥቃቱ ከፊት ቆዳ የሚመጣ መልእክት ያስፈልገው ነበር። አይጥ በጢሟ ካልዳሰሰች የምትነክሰውን ታጣለች የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ክርክር ነው። ቢሆንም ጠብ ያለ ዳሰሳ እንደማይሠራ ራሱ ክርክሩ ይመሰክራል።

የሰው ጸባይ በመርፌ ይታረማል አላልኩም፤ ማንም እንዲህ ቢላችሁ አትመኑት። ሰው ጢሙን ተከትሎ አይጣላም። ነገር ግን ወረፋ ላይ ከሁሉም ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ የነበረ ሰው፣ መንጋጋው ከደነዘዘ በኋላ አጠገቡ የነበሩትን እናት ይቅርታ ሲጠይቅ አይቻለሁ። እዚህ የተወገደው ሕመም ነው፤ በአይጦቹ ደግሞ ንክኪ ነበር፤ ሁለቱን አንድ አላደርጋቸውም።

ጭንቀቴ ስለ ትንንሽ ልጆች ነው። የአራት ዓመት ልጅ «መንጋጋዬ ነዘነዘኝ» ብሎ ላያስረዳ ይችላል። ጓደኛውን ይመታል፤ ምሳውን ይገፋል፤ ከዚያ «ክፉ ልጅ» ይባልና አርጩሜ ይቀርብለታል። እባካችሁ፣ አርጩሜው ከመነሣቱ በፊት አፉን በብርሃን እዩለት። በአንድ በኩል ብቻ ያኝካል ወይ? ሌሊት ይነቃል ወይ?

ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ አትሂዱ፤ ከአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ አሁኑኑ ጥርሳቸውን አያለሁ።